ወደ ሲያትል የታጠፈው መኪና

ኳሷ ግራ ጥግ ላይ ትወድቃለች። እሺ ትውደቅ፤ እንዳትወድቅ ማድረጉን ሞክሮት አልሆነለትም። ግን የግራ ሜዳው ጠባቂ ከአጥሩ ሥር ቶሎ አንስቶ ቢወረውራት፣ ያ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ የሚሮጠው ወጣት ነጥብ የምትቆጠርበት መነሻው ላይ ሳይደርስ ይያዝ ነበር፣ ጨዋታው ይቀጥል ነበር፣ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ኒውዮርኮች አንድ ነጥብ ያገቡ ነበር፣ ኪንግዶም ስታዲየም ውስጥ የታጨቀው ሃምሳ ምናምን ሺህ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፣ የሲያትል ቡድን የዘንድሮ ነገሩ እሑድ ማታ ላይ ያበቃ ነበር። እሑድ ካበቃ ማክሰኞ ጨዋታ የለም። ማክሰኞ ጨዋታ ከሌለ ፓርኪንጉ ባዶ ነው፤ ፓርኪንጉ ባዶ ከሆነ ከማል ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይማራል፣ ማታ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ይመጣል፣ በሩን በእግሩ እየገፋ ይገባል።

ኑሪ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በጀርባው ተንጋሎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ካለችው አንዲት ክፍል ቤቱ ጣሪያ ጋር ተፋጦ ነው። ነግቷል። ውጭ ያ የማያባራ ካፊያ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዚክር ያደርጋል፣ ቁርአን ይቀራል፣ ሌላው ቢቀር ሚስቱን ይነዘንዛል፤ ይሄኛው ሚስትም የለው፣ ተጋድሞ የቤዝቦል ቡድን ታሪክ ያርማል! ቤዝቦል! አራት ዓመት ሙሉ ስታዲየሙ ደጃፍ መኪና ሲያስቆም ኖሮ አንድ ቀን እንኳን ማን አሸነፈ ብሎ ያልጠየቀ ሰው። ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ከማል ከሞተ ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ቡድኑ በማሸነፉ ልቡ ጠፍቶ ወደ ኋላ የነዳ አንድ ሰው ገጨው። ቡታጅራ ያሉት እናታቸው እትዬ ሽቱ ግን የሚያለቅሱት ለከማል አይደለም። ኑሪ ሞተ ተብለው ነው የተረዱት። ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በቡታጅራ ምሽት አሥራ ሁለት ማለት ነው፣ ተክለ ጻድቅ ሱቅ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው የተረፈላቸውን የከማልን ድምፅ ይጠብቃሉ። የሚደውለው ኑሪ ነው፤ ሌላ ማን አለና።

ቤዝቦሉን ያመጣበት ከማል ነው። የፓርኪንግ ሠራተኛ ሬዲዮ የሚከፍተው ጨዋታ ወዶ አይደለም፣ ሰው መቼ እንደሚወጣ ለማወቅ ነው፤ ሰባተኛው ዙር ሲገባ ኮኖቹን ይደረድራል፣ ስምንተኛው ላይ የመውጫውን ሰንሰለት ይፈታል፣ ዘጠነኛው ላይ ባትሪውን ይዞ መሀል መንገድ ይቆማል፣ እኩል ከወጡና ጨዋታው ከተራዘመ ደግሞ ሁለቱንም ቡድን በእናት ቋንቋው ይሳደባል። የኑሪ ቤዝቦል ይኸው ነበር። ከማል ግን መጋቢት ላይ በተማሪ ቪዛ በመጣ በወሩ ኧርል ከሚባለው፣ ጠባቧ የቲኬት መቁረጫ ቡዝ ውስጥ ከሚቀመጠው ሽማግሌ ጋር ገጠመ። ኧርል ሰባ ዓመት ያለፈው ፈረንጅ ነው፣ ሬዲዮው የእሱ ነው፣ ወሬውም የእሱ ነው። ለአራት ዓመት ለኑሪ ሊነግረው ሞክሮ ያቃተውን ሁሉ ለከማል በአንድ ሰሞን ዘረገፈለት። ሲያትል ከዚህኛው በፊት ሌላ ቡድን ነበራት፣ ፓይለትስ የሚባል፣ አንድ ዓመት ተጫውቶ ከሰረ። በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ የቡድኑን ዱላና ጓንትና ማሊያ የጫነው መኪና ከልምምድ ቦታው ተነስቶ ዩታ የሚባል ስቴት ሲደርስ ቁም ተባለ፤ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ሾፌሩ መንገድ ላይ ስልክ ይጠብቅ ጀመር፤ ወደ ግራ ከተባለ ሲያትል፣ ወደ ቀኝ ከተባለ ሚልዋኪ የምትባል ሩቅ ከተማ። ስልኩ መጣ፤ ወደ ቀኝ ተባለ። ቡድኑ ስሙ ተቀይሮ የሰው ሆነ። ኧርል ይህን ሲናገር፣ ሃያ አምስት ዓመት አልፎት እንኳን፣ አፍንጫው ይቀላል አሉ።

«ግራ ቢታጠፍስ ኖሮ?» አለው ከማል። ጨዋታቸው ይህ ሆነ። በየጨዋታው ቀን ከማል ከትምህርት በኋላ እየመጣ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሰዉ ሲገባ፣ ሽማግሌውና ልጁ ቡዝ ውስጥ ተቀምጠው መኪናውን ወደ ግራ ያጥፉታል፤ ፓይለትስን ሲያትል ያስገቡታል፣ አንድ ዓመት ያሸንፋል፣ ሦስት ዓመት ይሸነፋል፣ ሜዳ ይሠሩለታል፣ አሠልጣኝ ያባርሩበታል። ከማል ማታ ማታ እራት ላይ ለኑሪ ያወራለታል፣ እጁ ላይ ጉርሻውን እንደያዘ። ኑሪ ለሌሊቱ የኦበርን መጋዘን ሥራው ሊወጣ ሲል ዓይኑ እየተከደነ፣ «ስማ፣ የመጣኸው ኮምፒዩተር ልትማር ነው ወይስ የከሰረ ኩባንያ ልታስነሳ?» ይለዋል። ከማል ይስቃል። አይቀየምም ነበር፣ መቼም። ያ ነው አሁን አንጀቱን የሚበላው፤ አንድ ቀን እንኳን ተቀይሞት ቢሆን ለዛሬ ቂም የምትሆን ትንሽ ነገር ትተርፈው ነበር።

ማክሰኞ ኑሪ ኦበርን ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲጭን አድሮ ጠዋት ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓርኪንግ መውጣት አለበት፤ ትልቅ ጨዋታ ነው፣ ክሊቭላንዶች መጥተዋል፣ አለቃው ማንም እንዳይቀር ብሏል። ኑሪ ደክሞታል። ሌላ ምክንያት የለውም፣ ቢኖረው ደስ ይለው ነበር፤ ታሞ አልነበረም፣ ሰው ሊጠይቅ አልሄደም፣ ደክሞት ነው። «ከማል፣ ዛሬ አንተ ሂድልኝ። ልተኛ።»

«ነገ እኮ ፈተና አለብኝ።»

«ቡዝ ውስጥ አጥና። ኧርል ይሸፍንሃል።»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ጃኬቱን ስጠኝ።» ያን ጃኬት። ደረቱ ላይ ኑሪ የሚል የተጻፈበት። የተማሪ ቪዛ እንዲህ ያለ ሥራ አያሠራም፣ ስለዚህ ከማል በሠራ ቀን ሁሉ ኑሪ ነው፤ የኑሪን ጃኬት ይለብሳል፣ የኑሪን መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ አለቃው ከመኪናው መስኮት ሆኖ «ሃይ ኑሪ!» ሲለው ከማል «ሃይ!» ይላል። አምስት ጊዜ እንዲህ ሄዶ በሰላም ተመልሷል። እዚህ ከተማ ስንቱ በወንድሙ፣ በአጎቱ ልጅ፣ በመንደሩ ሰው ስም ይሠራል፤ ኃጢአት ነው ያለ የለም፣ መተጋገዝ ነው ተባለ እንጂ። ኑሪም ከማል እየፎጨ ደረጃውን ሲወርድ ሰማውና ተኛ። እንዴት ያለ እንቅልፍ! ሞት አይቀሰቅሰው። ወንድሙ አስፋልት ላይ ሲወድቅ እሱ ትራሱን እያገላበጠ ነበር፣ የትራሱን ቀዝቃዛ ጎን እየፈለገ።

ከዚያ ስልኩ ይጮሃል። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም፣ ማታ። ሴትዮዋ ከሆስፒታል ነው ትላለች፤ የኑሪ ቤተሰብ እየፈለግን ነው፣ አንተ ማነህ? ትላለች። እንግዲህ ሰው ስሙን ሲጠየቅ ምን ይላል? ኑሪ ነኝ ይላል። ነገር ግን ኑሪ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ ፍርሃቱ ነቃ፤ ፖሊስ መጣ፣ ተነቃብን፣ ጃኬቱ ተያዘ፣ ግሪን ካርዱን ይነጥቁኛል፣ ልጁን ይመልሱታል። «ወንድሙ ነኝ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ወንድሙስ ነው፤ ቃሉ አልዋሸም፣ ሰውዬው ነው የዋሸው። ሴትዮዋ፣ «ወንድምህ ኑሪ…» ብላ ጀመረችና ቀሪውን ነገረችው፤ እሱ ስልኩን እንደያዘ መጀመሪያ የተሰማው ነገር፣ አላህ ይይለት፣ የሞትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው የሚል ነበር። ልብሱን ለብሶ ደረጃው ላይ ሲደርስ ነው ከማል የሚለው ስም የመጣበት።

ስሙ ተስተካክሏል። የኮሚኒቲው ሽማግሌ ጋሽ ገብረሕይወት፣ እንግሊዝኛው እንደ ወንዝ የሚወርድላቸው፣ አብረውት ሆስፒታል ሄደው፣ ቢሮ ለቢሮ ዞረው በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን አሳረሙት። የፈራው ሁሉ አልሆነም፤ የጠየቀውም የለም፤ ጃኬቱን በላስቲክ አድርገው መለሱለትና ሥራውንም በሌላ ሰው ተኩ። ከማል በከማልነቱ ተቀበረ፣ የሲያትል ሰው በሙሉ ወጣለት። ክፉ ወሬ ግን መቼ ወረቀት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ማታ ሆስፒታሉ በር ላይ የነበረ አንድ ታክሲ ነጂ የሟቹ ጃኬት ላይ ኑሪ የሚለውን አንብቦ ለወንድሙ ደወለ፣ ወንድሙ ለአዲስ አበባ ደወለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስንት ኪሎ ሜትር ነውና። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ንጋት ላይ በር አንኳኩተው፣ እንደ ወጉ፣ እትዬ ሽቱን የትልቅ ልጃቸውን ሞት አረዷቸው። ስሙ ከታረመ በኋላ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርምና የደወለ የለም። የኑሪና የከማል እህት ሪሃና ከአዲስ አበባ ለለቅሶው ወርዳ ባለፈው ሰኞ ደወለች። ኑሪ ስልኩን ሲያነሳ፣ «ከማሌ!» ብላ አነባች። የሁለቱ ድምፅ ድሮም አይለይም፣ ደግሞስ ሞተ የተባለ ሰው ስልክ ያነሳል ብሎ ማን ያስባል? «እማ ድምፅህን ካልሰማሁ እህል አልቀምስም ብላለች። ሐሙስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተክለ ጻድቅ ሱቅ እናመጣታለን። ትደውላለህ አይደል?»

«እሺ» አለ። እሺ! ወይ ኑሪ።

እንግዲህ ከሰኞ ወዲህ ነው መኪናውን የሚያጥፈው። መስጊድ ያለው ኡስታዝ፣ «ቢሆን ኖሮ አትበል፣ ቢሆን ኖሮ የሸይጧንን በር ይከፍታል» ብሎታል፤ ሐዲስ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቢያውቀው ምን ዋጋ አለው፣ በሩ ተከፍቷል፤ ሸይጧኑም ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ኳሷን ሞከረ። ኳሷ በጊዜ ተወርውራ ቡድኑ እሑድ ሲሸነፍ፣ ከማል ማክሰኞን ያልፋል፤ ግን ረቡዕ ኑሪ መድከሙ አይቀርም፣ ኦበርን ፎርክሊፍት የሚባለው የጭነት ማንሻ መኪና አለ፣ እዚያም ስሙ የተጻፈበት ሰደርያ አለው፣ «ዛሬ አንተ ሂድልኝ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደ። ከሦስት ዓመት በፊት ቡድኑን የፍሎሪዳ ሰዎች ሊወስዱት ነበር፤ ይውሰዱት፣ ሸኘው። ሲያትል ያለ ቡድን ቀረች፣ ኪንግዶም የመኪና ኤግዚቢሽን ማሳያ ሆነ። ለኤግዚቢሽንም ግን ሰው መኪና ያቆማል። እንደገና ወደ ኋላ ሄደ፣ ዩታ ድረስ።

ዩታ ላይ መኪናው ቆሟል። ሾፌሩ ሻይ ቤት ገብቶ ስልኩን ይጠብቃል። ኑሪ ሾፌሩን አያውቀውም፣ ስለዚህ የቡታጅራ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር የነበሩትን የአባቱን ጓደኛ ፊት ይሰጠዋል፤ ስልኩ ይጮሃል፣ ሾፌሩ «ሲያትል? እሺ ጌታዬ» ይላል፣ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። ዱላና ጓንቱ በዝናብ ሲያትል ይገባል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሃያ አምስት ዓመት ኑሪ ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ኧርል የለ፣ ከማል የለ፤ ተጫዋች ስለማያውቅ የሚያውቀውን ሰው ያሰልፋል። ኳስ ተቀባዩ የመንደራቸው ሥጋ ሻጭ ነው፣ ጉልበቱን አጥፎ ለመቀመጥ የሚያህለው የለም፤ ወርዋሪው ማንጎ በድንጋይ የሚያወርደው የጎረቤት ልጅ። በሰባዎቹ ሁለት ጊዜ ዋንጫ ይወስዳሉ። በሰማንያዎቹ ይዋረዳሉ፣ ሰው ትቷቸው ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። ዋናው ነገር ግን ዋንጫው አይደለም። ቡድኑ ካልሄደ ሲያትል ስለ ቡድኑ አትካሰስም፣ ካልተካሰሰች ሌላ ቡድን በካሳ አይሰጣትም፤ የድሮው ቡድንም የራሱ ሜዳ ሌላ ቦታ ይሠራለታል፣ ከከተማው ማዶ፣ ወደ ሰሜን፤ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ያለው ያ መሬት ጭቃና ዛገት ሆኖ ይቀራል። ፓርኪንግ የለም። ፓርኪንግ ከሌለ ኑሪ ያን ሥራ አያገኝም፤ ያን ሥራ ካላገኘ ከማልን ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ ዋስ ሆኖ፣ ቪዛ አስመትቶ ማምጣት አይችልም። ከማል ቡታጅራ ይቀራል! አስተማሪ ይሆናል። ሒሳብ ያስተምራል፣ እየፎጨ። ማታ ከእናቱ ጋር ይበላል።

ይህኛው ያዘለት። ሦስት ቀን ሙሉ ከየአቅጣጫው ነካካው፣ አልፈረሰም። ከማልን የሚገድል አንድም ቀዳዳ የለውም።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ጋሽ ገብረሕይወት በሩን አንኳኩተው ገቡ፤ ዳቦ በፌስታል ይዘዋል፣ ጃንጥላቸውን ደጅ አራገፉ። ከቀብሩ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። እሳቸው የሚያውቁት አገር ቤት ገና እንዳልተሰማ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በዚያ የአክሱም አነጋገራቸው፣ «ሰው አግኝቻለሁ» አሉት። «ማክሰኞ ይበራል። ቡታጅራ ድረስ ራሱ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ይይዛል፣ ንጋት ላይ ያረዳቸዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። ሰው ወድቆ የሚደግፈው እጅ ያስፈልገዋል።»

«መርዶው ደርሷል፣ ጋሽ ገብረሕይወት።»

«ደርሷል? ማን ነው ባለጌው!»

«ኑሪ ሞተ ብለው ነው ያረዷቸው።»

ሽማግሌው አዩት። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ኑሪ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ እንዳልሞትክ አልነገርካቸውም?»

«ሪሃና ደውላ ከማል ነህ አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እሺ አልኳት።»

«እሺ!» ተነሥተው ቆሙ፣ እንደገና ተቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ለዚህ እሺ ይላል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል የሀገሬ ሰው፤ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ አደረ እኮ፣ መቼ ሊጠራ ነው?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ስልኩን ለእኔ ስጠኝ። እኔ ልንገራቸው። አንተ አትችልም።»

«እሳቸው እርስዎን አያውቁም። ባዳ ሰው የልጃቸውን ሞት እንዴት ያረዳቸዋል?» ኑሪ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ጋሽ ገብረሕይወት፣ ቢቀርስ? ዝም ብል? በየወሩ እየደወልኩ፣ ከማል ሆኜ?»

ሽማግሌው ዳቦውን ከፌስታሉ አወጡ። «እናትህ እስከ ዛሬ ጠዋት ስንት ልጅ ነው የሞተባቸው? አንድ ነው» አሉ። «ብትነግራቸውም አንድ ነው። ቁጥሩ ያው ነው። ብቻ ከማል ተቀብሮ አገሩ ላይ አንዲት ሴት ስሙን ጠርታ አላለቀሰችለትም። እኔ እንደዚያ ብቀበር አልወድም።» ይህን ብለው ዳቦውን በእጃቸው መቁረስ ጀመሩ።

ኑሪ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ገና አሁን ነው የገባው። ያቺ ያልፈረሰችለት ታሪክ፣ ያቺ ሦስት ቀን ያጠናቀራት፣ ከማል በሕይወት ያለባት፣ ኑሪ ደግሞ ሩቅ አገር የቀረባት፣ እትዬ ሽቱ ለካ አሁን የሚኖሩት እሷ ውስጥ ነው። እሱ ዩታ ላይ በሐሳቡ መሪ ሲጠመዝዝ እሳቸው አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ መኪናው በታጠፈበት አገር ተቀምጠዋል። አንዱን ልጅ አልቅሰው ጨርሰው ሌላውን ይጠብቃሉ። ዛሬ ስልክ የሚደውለው ሰው መኪናውን አስቁሞ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። አደራም አለበት፤ ከማል የመጣ ዕለት፣ «ዓይኔን ነው የሰጠሁህ፣ ኑሪ» ብለውት ነበር። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀር የስልክ ካርዱን ከኪሱ አወጣ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ያዘለት። ጋሽ ገብረሕይወት ዳቦውን ትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሃሎ! ከአሜሪካ ነው?» ተክለ ጻድቅ ነው፣ ባለሱቁ። ከጀርባው ብዙ ሰው ይንጫጫል። «ከማል ነህ? እግዜር ያጥናችሁ ልጄ፣ እግዜር ያጥናችሁ። ቆይ፣ እናትህ እዚሁ ናቸው። እትዬ ሽቱ፣ ይያዙት። በዚህ በኩል፣ በጆሮዎ በኩል።»

ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ፣ «ከማሌ።»

«አቤት፣ እማ።»

ወጣበት። ሊለው አልነበረም፤ እናት ስትጠራ አቤት ይባላል፣ ዘጠኝ ዓመት ቢለያዩም አፉ አልረሳም። እትዬ ሽቱ ድምፁን ሲሰሙ አንዴ ቃተቱ፣ ከዚያ ራሳቸውን ገቱ። «አላለቅስም ብዬ ነው የመጣሁ። ደቂቃው ይቆጥራል ብለውኛል። በላህ?»

«በላሁ።»

«ወንድምህን እንዴት አደረጋችሁት? ሙስሊም አጠበው ወይስ ሆስፒታሉ ነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ እማ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ። በቀኙ ጀምሬ፣ ሦስት ጊዜ። የእግሩን ጣቶች መሀል መሀሉን። ከፈንኩት፣ ጉድጓዱም ውስጥ እኔ ነኝ የወረድኩት፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሬ አስተኛሁት።» ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንድም ቃል አልዋሸም፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ።

«አላህ ኸይርህን ይክፈልህ። ኑሪዬ ታድሏል፣ በባዳ እጅ አልሄደም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው እንዳይሰማ ይመስላል። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ለታ፣ ገና በሩ ላይ ቆመው ሳይናገሩ ልቤ ከማል ነው አለኝ። ኑሪ ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ልጄ ሞቶ አልሐምዱሊላህ አልኩ! እናት ነኝ እኔ? ግን ኑሪን ሳላየው መኖርን ለምጄ ነበር። አንተ ብትሆን አልችለውም ነበር፣ ከማሌ። እዚያው ነበር የምቀረው።»

ኑሪ ግድግዳውን ያዘ። ይኸው ተነገረው፤ ሰው ሞቶ ካልሆነ የማይሰማውን ሰማ። አልከፋውም ቢባል ውሸት ነው፤ ግን ከመከፋቱ በላይ መንገዱ ወለል ብሎ ታየው። ዝም ማለት ነው። አቤት እማ፣ እሺ እማ፣ እያለ መኖር። እሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፣ በአፋቸው አሉት። የቀረው የቆየ ስም መተው ብቻ ነው፤ ያን ስም ደግሞ አንዴ በስልክ ትቶታል።

«አርባው ሲያልፍ» አሉ እናቱ፣ ድምፃቸው ትንሽ ሞቅ ብሎ፣ «ልብሴን እቀይራለሁ። ከዚያ በኋላ አላለቅስም፣ በቃ፣ ላንተ ነው ዱዓ የማደርገው። እንባዬን ጨርሻለሁ።»

እንባዬን ጨርሻለሁ አሉ። ለማን? ኑሪ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አስከሬኑን የተቀበለበት እጁ ታየው። ለዚያ ልጅ አንዲት እንባ አልደረሰችውም። ያ ልጅ በሕይወቱ የኑሪን ጃኬት ለብሶ ዋለ፣ አሁን ደግሞ የራሱን ለቅሶ ኑሪ ወስዶበታል።

«እማ» አለ። ጋሽ ገብረሕይወት ዓይናቸውን ገለጡ። «እማ፣ እኔ ኑሪ ነኝ።»

ተክለ ጻድቅ እንደ ልማዱ ጆሮውን ስልኩ ላይ ደቅኖ ኖሯል፤ «ኑሪ ነኝ አለ!» ብሎ ሲጮህ በሽቦው ውስጥ ተሰማ። «ኑሪ ነው! ጎበዝ፣ ኑሪ አልሞተም! በሕይወት አለ!» ሱቁ ተናጋ። አንዷ እልል አለች፣ ሁሉም ተቀበሏት፤ «አልሐምዱሊላህ!»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!»፣ ሪሃና «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለች ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፣ አንድ ሰው ጠረጴዛ ይደልቃል፣ ልጆች ደጅ ላይ ኑሪ ተነሣ እያሉ ይሮጣሉ። በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል አንዲት ድምፅ ብቻ የለችም። ኑሪ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ጠበቃት።

«ታዲያ» አሉ እትዬ ሽቱ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «በእጅህ ያጠብከው ማንን ነው?»